የማርቆስ ስህተት የተባለው

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ተማሪዎቼ ትልቅ ኬክ ቆርጠው፣ ጋቢ አልብሰው፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው አሞገሱኝ። መሞገስ እወዳለሁ፤ ምን ያዋሸኛል? አንዱ ግን ማይኩን ይዞ «ሲስተር ጽጌ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም ሰው እጇ ላይ አላለፈም» ሲል ኬኩን አስቀመጥኩ። ኧረ ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። ጭብጨባው ቀደመኝና እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩት።

ይህን የምጽፈው ስለ ማርቆስ ነው። ሰመመን መስጠትን ከእኔ የተማራችሁ ሁሉ ስሙን ታውቁታላችሁ። «የማርቆስ ስህተት» እያልኩ፣ በሽተኛው በልቻለሁ ብሎ እየነገረው ረስቶ ያስተኛ ተማሪ እያልኩ፣ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ማርቆስ ምንም አልረሳም። ስሙን ያጎደፍኩት እኔ ነኝና ሳልሞት ማጽዳት ያለብኝም እኔው ነኝ።

እኔ የአዋሳ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። አዲስ አበባ ነርስነትን፣ ከዚያ የሰመመን ሙያን ተምሬ ስመለስ አብዮቱ ከፈነዳ ብዙም አልቆየም። አባቴ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ሰው አስተኚ ሆነች» እያለ ያወራል፤ ደንበኞቹም ሲያዩኝ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ እሱን ተዉት።

የተመደብኩበት ሆስፒታል ሰመመን የሚሰጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አቶ ወልዴ ይባላሉ። የድሮ ጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ናቸው። የምስክር ወረቀት የሚባል የላቸውም፤ ሙያውን የተማሩት ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም አጠገብ ዓመታት ቆመው በማየት ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቴን ይዤ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ መጣሁ። ኩራቴ የቆየው እስከ መጀመሪያው ጠዋት ነው።

በዚያ ጠዋት አንዱን በሽተኛ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሜ «በልተሃል?» አልኩት፤ ሆዱ የሞላ ሰው ከተኛ ያስታውክና ትንፋሹ ይዘጋል። «አልበላሁም» አለ። ጻፍኩ። አቶ ወልዴ ከኋላዬ መጡና በክፍሉ የነበረውን ጠያቂ ሁሉ በትሕትና አስወጡ። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጡ። አገሩን ጠየቁት፣ ዝናቡን ጠየቁት። ቀጥለው «ዛሬ ማን መጥቶ ጠየቀህ?» አሉት።

«እህቴ።»

«የታደልክ ነህ። ምን ይዛልህ መጣች?»

«ወተት» አለ ልጁ፣ በኩራት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከክፍሉ ስንወጣ አቶ ወልዴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እዚህ አገር» አሉኝ፣ «ዘመድን ባዶ ሆዱን ለቢላ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው። ደብቀውም ቢሆን ያጎርሱታል። አንቺ ስለ ሆዱ ከጠየቅሽው አልበላሁም ይላል። ስለ ጠያቂው ጠይቂው። ደግሞ ሰው ባለበት አትጠይቂው፤ ሰው ፊት ማንም ያጎረሰውን ሰው አይከስስም።» ትምህርት ቤት ሙሉ ዓመት ተቀምጬ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ያን ጊዜ እንዳሁኑ የሚጮኽ፣ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ የለንም። ያለን ሲሸት የሚያስተኛ ኤተር የሚባል ፈሳሽ፣ ጭምብልና ጣታችን ነው። አቶ ወልዴ ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይነክራሉ፤ ቀዝቃዛ እጅ በሽተኛውን ያስበረግጋል ባይ ናቸው። ኤተሩን ጠብ የሚያደርጉት ሰውየው አየር ሲስብ ብቻ ነው፤ ትንፋሹ ከዘገየ ይዘገያሉ። ትንሿ ጣታቸው አገጩ ሥር ካለው የደም ሥር ላይ ከተቀመጠች ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ አትነሣም። ሐኪሙ ቀልድ ሲያወራ እንኳ አይስቁም። በሽተኛው ነቅቶ ስሙን ከተናገረ በኋላ ግን ኮሪደር ላይ ብቻቸውን ቆመው የሚስቁትን ሳቅ ብታዩ! ቀልዱን እስከዚያ ድረስ አቆይተውት ነው።

ከዓመታት በኋላ ነርሶችን ለሰመመን ሥራ አሠልጥኚ ተባልኩ። የመማሪያ ክፍላችን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነው። ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ ማስገባት የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ስለሌለን ከሥጋ ቤት የፍየል ጉሮሮ እለምን ነበር። ሥጋ ቆራጩ «ሲስተር፣ ምን ዓይነት ወጥ ነው በዚህ የምትሠሪው?» እያለ ሲያላግጥብኝ ኖረ።

ማርቆስ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የሲዳማ ልጅ ነው፤ አባቱ አቶ ሻላሞ ጉዱማሌ አደባባይ አጠገብ የሚኖሩ አናጢ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ጴንጤ ነው፤ ያን ጊዜ ቸርቻቸው ታሽጓል፣ ስማቸውም ቀበሌ ውስጥ በጥሩ አይነሣም። ልጁ ዝምተኛ ነው። እጁ ግን! ጣቱን አገጭ ሥር ሲያስቀምጥ አቶ ወልዴ አዩትና «ይሄስ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ በፊት ማንንም እንዲህ ብለው አያውቁም፤ እኔንም ጭምር። ቀናሁ፤ እውነቴን ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ኦፕራሲዮን ክፍላችን በቡአ ተጥለቀለቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለውትድርና የተመለመለ ወጣት ቡአ ካለበት፣ አንጀቱ በብሽሽት ከወረደ፣ አይወስዱትም፤ ወደ እኛ ይልኩታል። እኛ እናክመዋለን፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ ጦርነቱ ይሄዳል። እናቶች ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የበላን ሰው እንደማናስተኛም ደረሱበት። የቀዶ ጥገናው ዕለት ማለዳ ይመጡና ልጃቸውን ያበላሉ፤ ከዚያ እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ «ሲስተር፣ ትንሽ ቀምሷል መሰለኝ» ይሉኛል።

«እንግዲያው ለሚመጣው ሳምንት» እላለሁ። በሚመጣው ሳምንትም ይቀምሳል። አራት ጊዜ የተመለሰ ልጅ አለ። አውቅ ነበር፤ አቶ ወልዴም ያውቁ ነበር። አንድም ቀን አፍ አውጥተን አልተነጋገርንበትም። ከሥራ ዘመኔ የምኮራበት ወቅት ቢኖር ያ ነው።

አልዘለቀም። ከመልማይ ኮሚቴው ጓድ አስፋው የሚባል ሰው መጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። «አሻጥር አለ» አለ። «ወይ የቤተ ሰቡ ነው፣ ወይ የእናንተ።» ከቦርሳው የተተየበ ማስታወቂያ አወጣ። ለቀዶ ጥገና የተቀጠረ ተመልማይ በልቶ የደበቀ፣ እሱንም አብልቶ ያስደበቀ ቤተ ሰብ በአሻጥር ይከሰሳል ይላል። ከሥሩ የባለሙያ ፊርማ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የተጠየቁት አቶ ወልዴ ናቸው። «ጡረታዬ ስድስት ወር ቀርቶታል፤ ከፈለጋችሁ አስቀሩብኝ» ብለው ወረቀቱን መለሱ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። አቶ ወልዴ ኮሪደር ላይ ጎትተው ወሰዱኝና «ጽጌ፣ ይህን ከፈረምሽ ከእንግዲህ ማንም እውነቱን አይነግርሽም። ሆዱ ሞልቶ ባዶ ነኝ ይልሻል። አንቺም ታስተኚዋለሽ» አሉኝ።

ፈረምኩ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ወንድሜም ከእስር ከወጣ ዓመት አልሞላውም። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ማስታወቂያው በየክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ።

በማግሥቱ ተራው የደረሰው በየነ የሚባል የቡሹሎ ገጠር ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ «ቀምሶ» የተመለሰ። እናቱ ወይዘሮ አማረች ማንበብ አይችሉም። በማለዳ ቡርሳሜ ይዘው መጡ፤ ቆጮ በቅቤ ታሽቶ። አበሉት፣ እንደ ወትሮው «በልቻለሁ በላቸው» አሉት፣ ከብቶቻቸውን ሊያዩ ተመለሱ። ማስታወቂያውን ማንም አላነበበላቸውም። በየነ ግን በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው። እናቱ ከሄዱ በኋላ በሽተኞቹ ምን ይላል ብለው ሲጠይቁት፣ በሩ ላይ ቆሞ ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነበበው እሱ ነው፤ ወረቀቱ የሚለው የደበቀ ነው፣ ክፍሉ የተረዳው ግን የበላ ልጅ እናቱን ያሳስራል ብሎ ነው። ይህን የነገሩን ከጎኑ የተኙ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ።

ማርቆስና እኔ ወደ አልጋው ስንመጣ ኮሚቴው የላከው ታጣቂ አልጋው ራስጌ ቆሟል። ማርቆስ እንደ ተማረው ተቀመጠ። «ማን መጥቶ ጠየቀህ?» አለው።

«ማንም» አለ በየነ። ታጣቂውን ያያል።

ማርቆስ ተነሣና «ጓድ፣ ለአንድ ደቂቃ ውጭ ቢጠብቁን» አለ።

«ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ማርቆስ ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሲስተር፣ ይቆየን። አፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል» አለኝ፣ በጆሮዬ። እኔም ሸቶኛል። አፈር ስሆን፣ ሸቶኛል! ጓድ አስፋው ቢሮ ተቀምጦ ዛሬ ስንት ተሠራ የሚለውን እየጠበቀ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ከፊርማዬ ሥር ልጁን ብመልሰው የሚሆነውን አሰብኩ።

«አልበላሁም ብሏል፤ ቀጥል» አልኩት።

ወገብ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ካለቀብን ሰንብቷል፤ ያለን ኤተር ነው። ማርቆስ በጭምብሉ ላይ ጠብ ማድረግ ጀመረ። ልጁ ገና ሳይጠልቅ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚንፈራገጥበት ሰዓት፣ ሆዱ ተኮማተረና ቡርሳሜው እንዳለ ወጣ። ማርቆስ በቅጽበት ራሱን ወደ ጎን አዞረ፣ ጠረጴዛውን ወደ ራስጌ ደፋሁት፣ በእግር የሚረገጠውን የመምጠጫ መሣሪያ እኔው ረገጥኩ። ቆጮ ነው፤ በቱቦ አይሳብም። ማርቆስ በጣቱ እየዛቀ አወጣ። የወረደው ግን ወርዷል። ልጁ ጠቆረ። ቱቦ አስገባን፣ ኦክስጅን ሰጠን፣ ሳንባው አልከፈት አለን። እስከ ቀትር ታገልን። ማርቆስ ትንሿን ጣቱን ከአገጩ ሥር አላነሣም፤ የደም ምቱ ከጠፋ በኋላም ቆይቶ፣ አቶ ወልዴ ገብተው እጁን በእጃቸው ይዘው ናቸው ያነሡለት።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ወይዘሮ አማረች ደርሰው ኖሮ ለቅሷቸው ከግቢው ይሰማል። ጓድ አስፋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁ በልቷል። ያበላችው እናቱ ናት። አስደብቃለች። እዚሁ ግቢ ስላለች ትያዝ» አለ። ልጇ የሞተባትን ሴት! ታጣቂው ወደ በሩ አመራ።

«አልደበቀም» አለ ማርቆስ።

ሁላችንም ዞር አልን።

«ነግሮኝ ነበር። ቁርስ በልቻለሁ ብሎኝ ነበር። ረስቼ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። እናቱ ምንም አላስደበቁም።»

ጓድ አስፋው ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ አብረሽው ነበርሽ። ልጁ ሲነግረው ሰምተሻል?»

እዚህ ላይ ነው የሥራ ዘመኔ ያለቀው፤ የቀረው ዓመት ሁሉ ትርፍ ነው። ልጁ ማንም አልመጣም ማለቱን አውቃለሁ። ታጣቂው አልወጣም ማለቱን፣ ማርቆስ ይቆየን ማለቱን፣ እኔ ቀጥል ማለቴን አውቃለሁ። እናቲቱንም ማርቆስንም የሚያድን አንድ ቃል ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት።

«እኔ መሣሪያ እያዘጋጀሁ ነበር፤ አልሰማሁም» አልኩ።

አቶ ወልዴ ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡ። ጡረታቸውን ይዘው ከሆስፒታሉ እስኪሰናበቱ ድረስ የእግዜር ሰላምታ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ማርቆስ ከሥልጠናው ተባረረ። ጴንጤነቱም ተጨምሮበት፣ ከሚቀጥለው ዙር ምልምሎች ጋር ወደ ሰሜን ተላከ። ከመሄዱ በፊት ዕቃ ቤቷ መጥቶ ደብተሮቹን ሲያስረክበኝ «ማርቆስ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቀው። «ለእናቲቱ እንዳይነግሯቸው» አለኝ። «ልጃቸው በልቻለሁ ያላለው እሳቸውን ከእስር ለማዳን መሆኑን ካወቁ አይተርፉም። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ እባክዎ።» እሺ አልኩ። ለእሺ ማን ብሎኝ! ከዓመት በኋላ የማርቆስ መርዶ ለአባቱ ደረሰ።

ወይዘሮ አማረች ከዚያ ወዲህ ከተማ በወጡ ቁጥር እኔን ሳያዩ አይመለሱም። «አንቺ እኮ ልጄን ልታድኚው እስከ ቀትር ታግለሻል አሉኝ» እያሉ ወተት ያመጡልኛል። ወዲያው ደግሞ «ያ ልጄን ሰምቶ እንዳልሰማ ያስተኛው፣ አፈሩ ይክበደው» ይላሉ። ወተቱን ተቀብዬ እጠጣለሁ። እርግማኑንም ጭጭ ብዬ እሰማለሁ። ክፍል ስገባም «የማርቆስ ስህተት» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቹም ይጽፋሉ። ደርግ ወደቀ፣ ጓድ አስፋው የት እንደገባ ጠፋ፣ ማስታወቂያው ተቀዶ ግድግዳው ስንቴ ተቀባ። የሚያስገድደኝ ከሄደ በኋላም ለራሴ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ቃል ገብቻለሁ፣ እናቲቱ አሉ።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቴ ወይዘሮ አማረች አረፉ። ቡሹሎ ሄጄ ቀበርኳቸው። መቃብሩ ላይ እንደቆምኩ አዎ፣ አሁን ቃሌ አለቀ አልኩ። እንግዲህ የምደበቅበት ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ወደ አቶ ሻላሞ ቤት ሄድኩ። ጉዱማሌ ስንት ጊዜ ለጨምበላላ፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት በዓል፣ ሄጃለሁ፤ ያን በር አንኳኩቼ ግን አላውቅም። አቶ ሻላሞ አርጅተው ጎብጠዋል፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። ሚስታቸው እማማ ዳንጊሴ ከጎናቸው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ያያል፣ ጆሯቸው ግን ከከዳቸው ቆይቷል።

«የማርቆስ አስተማሪ!» አሉ አቶ ሻላሞ ሲያውቁኝ። ተቀመጪ ብለው ወንበር ጎተቱልኝ። «እኛ እንኳ በየእሑዱ አንረሳሽም። ለዚያ ለሞተው ልጅ እናት እንጸልያለን፣ ለአንቺም እንጸልያለን። ከዚያ ጌታ ሆይ፣ የልጃችንን ስንፍና ይቅር በለው፣ የሰው ደም አለበት እንላለን። ሚስቴ ጾማም ትጸልያለች።»

ወይ ጉድ። ይህን ሁሉ ዓመት! ልጃቸው ስላልሠራው ኃጢአት ይቅርታ ሲለምኑ ኖረዋል፤ እኔ ከዚያ ቤት በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ።

ነገርኳቸው። ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ታጣቂው፣ ይቆየን ስላለኝና ቀጥል ስላልኩት፣ ስብሰባ ላይ ስለዋሸሁት፣ አንድም ሳላስቀር። አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አቶ ሻላሞ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ያዙ። እማማ ዳንጊሴ አንዴ እኔን አንዴ ባላቸውን ያያሉ፤ እጄን ዳሰስ አድርገውም ፈገግ አሉልኝ።

«እሷ አልሰማችም» አሉ አቶ ሻላሞ። «እናቱ ናት። ንገሪያት።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው...»

«አይሆንም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ጮክ በይ።»

ሲዳምኛዬ የገበያ ሲዳምኛ ነው፤ ለዚህ ነገር ቃል ያንሰዋል። ያለኝን ይዤ ተነሣሁና ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ «ማርቆስ አልረሳም!» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተሰማቸውም። ድምፄን ጨመርኩ። «ልጅዎ ጥፋት የለበትም! ይቆየን ብሎኛል! ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እሱ የእኔን ተሸክሞ ሄደ!»

ያን ጊዜ ሰሙ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ አየሁት። እጄን ለቀቁት። በሩ ላይ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ጩኸቱ ምንድን ነው ብለው የመጡ ናቸው። እማማ ዳንጊሴ እኔን ትኩር ብለው እያዩ፣ በማይሰማ ሰው ድምፅ፣ እሳቸውም ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ለእናቲቱ ብዬ ነው ልል ነበር። የማርቆስ አደራ ነው ልል ነበር። በዚያ ድምፅ ግን ውሸት አይወጣም።

«ፈርቼ!» አልኩ።

እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ቀረቡኝ። ደግሜ ጮኽኩት።